የእጅ መኪና ወይስ የእግር መኪና

የልብስ ስፌት መኪና መግዛት የሰውን ኑሮ ይለውጣል ብል የሚስቅብኝ አይጠፋም። እኔም የዚያን ቅዳሜ ከቤት ስወጣ ቢነግሩኝ ኖሮ አላምንም ነበር። እንዲያውም ያኔ የሚያምንም የሚጠራጠርም ልብ አልነበረኝም። ስለዚህ ታሪኩን እንደሆነው አድርጌ ከመጀመሪያው ልንገራችሁ፤ ፍርዱ የእናንተ ነው።

ጣልያን ከወጣ ጥቂት ዓመታት አልፈው ነበር። እኔ ታደለች እባላለሁ፤ ያኔ የሃያ ሁለት ዓመት ሴት ነበርኩ። ባለቤቴ ተሰማ በአንድ መሥሪያ ቤት ደብዳቤ የሚገለብጥ ጸሐፊ ነበር። የእጅ ጽሑፉ የሚያምር፣ ንግግሩ ግን በጠብታ የሆነ ሰው ነው። ከፒያሳ ወረድ ብሎ ባለው ሰፈር ሁለት ክፍል ቤት ተከራይተን እንኖር ነበር። የሺ የምትባል ልጅ ነበረችን። ሁለት ዓመት ከመንፈቅ ሲሆናት ኩፍኝ ወሰዳት።

ስለዚያ ቀን ከዚህ በላይ የምጽፈው የለኝም፤ አላስታውሰውም። የማስታውሰው ከዚያ በኋላ ያለውን ስድስት ወር ነው፤ እሱም ቢሆን አንዱ ቀን ከሌላው አይለይም። ጠዋት እነሣለሁ፣ እጠርጋለሁ፣ ወጥ እሠራለሁ፣ "አይዞሽ" ሲሉኝ "እሺ" እላለሁ። አንድም ቀን አላለቀስኩም። ለቅሶ የመጡት ሴቶች መጀመሪያ አዘኑልኝ፤ ኋላ ግን እነሱ ደረታቸውን ሲመቱ እኔ ግድግዳ ግድግዳውን ሳይ ጊዜ የተቀየሙኝ መሰለኝ። አንድ ቀን ከጀበና የፈላ ውኃ እጄ ላይ ፈሰሰ። የጮኸችው ጎረቤቴ ናት። እኔ ቆሜ እጄ ሲቀላ አየሁት፤ የሌላ ሰው እጅ ነበር የሚመስለኝ።

ተሰማ ደግሞ በአራተኛው ቀን ሥራ ገባ። ፀጉሩን አበጠረ፣ ካፖርቱን ለበሰ፣ ባርኔጣውን ደፋ፣ ወጣ። በዚያው ሳምንት የልጅቷን ትንሽ አልጋ ሳያማክረኝ ነቅሎ ለሰው ሰጠው። ስሟን ከዚያ ቀን ወዲህ ከአፉ ሰምቼው አላውቅም። ጠዋት ጠዋት ባርኔጣውን ደፍቶ ሲወጣ ጀርባውን እያየሁ "ይህ ሰው አንጀት የለውም" እላለሁ። ይህንንም የምለው ተናድጄ አይደለም፤ ዛሬ ደመና ነው እንደሚባለው ያህል ነው።

በስድስተኛው ወር አባቴ ከደብረ ብርሃን መልእክት ላከ። "ልጄን ለጥቂት ጊዜ ላክልኝ፤ አየር ትለውጥ" የሚል ነው። በእኛ ሰፈር ለጥቂት ጊዜ መሄድ ምን ማለት እንደሆነ የማያውቅ አልነበረም። ከጓሮአችን ያለችው ሴት ልክ እንደ እኔ ልጅ ሞቶባት አየር ልትለውጥ አገሯ ሄደች፤ ፋሲካ ሳይደርስ ባሏ ሌላ ሴት አገባ። ተሰማ መልእክቱን አነበበልኝና አጣጥፎ ኪሱ ከተተው። በማግስቱ የሰኞውን አውቶቡስ ቲኬት ቆርጦ መጣ። ሰኞ አለኝ። እሺ አልኩት።

ዓርብ ከሥራ ሲመለስ ቆሞ ባርኔጣውን ሳያወልቅ፣ ነገ የስፌት መኪና እንገዛለን አለኝ። የሺ ከተወለደች ጀምሮ ቃል የገባልኝ ነገር ነበር። በልጅነቴ ትምህርት ቤት የእጅ ሥራ ተምሬ ስለነበር የልጅቷን ልብስ ሁሉ በመርፌ የምሰፋው እኔ ነበርኩ። አሁን ግን ሌላ ምክንያት ሰጠኝ።

"እጅሽ ሥራ ካገኘ እዚያ ቀኑ ይገፋልሻል" አለ። "የእጅ መኪና ይሻልሻል። አውቶቡስ ላይ ይጫናል።"

ቤቱ የስፌት መኪና ለሌለው አንባቢ ልዩነቱን ላስረዳ። የእጅ መኪና ጠረጴዛ ላይ ይቀመጣል፤ ከእንጨት የተሠራ ክዳን አለው፤ መያዣውን አንጠልጥላችሁት እንደ ሻንጣ ይዛችሁት ትሄዳላችሁ። ቀኝ እጅ መዘውሩን ስለሚያዞር ጨርቁን የሚመራው ግራ እጅ ብቻ ነው። የእግር መኪና ግን ብረት እግር ላይ የቆመ ነው። ከሥር በእግር ሲረግጡት ቺንጋ የሚሉት የጠፍር ቀበቶ ይዞራል፣ ሁለቱም እጅ ለጨርቁ ነፃ ይሆናል፤ ነገር ግን ለማንሣት ሁለት ኩሊ ይፈልጋል። አንድ ቤት ከገባ በቀላሉ አይወጣም። ስለዚህ ባሌ የእጅ መኪና ሲለኝ ገብቶኛል። ድርሻሽን ይዘሽ ሂጂ ማለቱ ነው አልኩ በሆዴ። የእጁን ከያዝኩ ሰኞ እሄዳለሁ፣ ከሄድኩ ደግሞ አልመለስም። ይህን ሁሉ አውቄ አልከፋኝም፤ ደስም አላለኝም።

በዚያን ጊዜ መኪና ሲገዛ አዋቂ ይዞ መሄድ ልማድ ነበር፤ በቅሎ የሚገዛ ሰው ጥርስ የሚያይለት ይዞ እንደሚሄደው ማለት ነው። የእኛ አዋቂ ጋሽ ወልዴ ነበሩ። ከአትክልት ተራ በላይ አንድ በረንዳ ላይ መኪናቸውን ዘርግተው የሚሰፉ፣ ምላሳቸው ከመርፌያቸው የሚፈጥን ሽማግሌ ናቸው። የተሰማን ካፖርት የሰፉት እሳቸው ናቸው። እሺ ያሉት ጨርቅ ከቤታችን ይዘን የመጣን እንደሆነ ብቻ ነው። የሱቁ ጨርቅ ለመኪናው ወዳጅ ነው፤ አንድ ስስ አንድ ወፍራም ከየሣጥናችሁ አምጡ ብለው ላኩብን።

ቅዳሜ ሥራ የሚወጣው በግማሽ ቀን ነውና ተሰማ እስኪመጣ ሣጥኑን ከፈትኩ። ለስሱ ከአሮጌ ነጠላዬ ቀደድኩ። ለወፍራሙ እጄን ወደ ሥር ሰደድኩና የተጣጠፈ አቡጀዲ አገኘሁ። አዲስ ነው። አንሶላ ሲሰፋ የተረፈ ይሆናል ብዬ ከነጠላዬ ቁራጭ ጋር ጠቀለልኩት። መቼ ተገዛ፣ ማን አስቀመጠው ብዬ አልጠየቅሁም፤ ያኔ ምንም ነገር አልጠይቅም ነበር።

ወደ ፒያሳ ስንወጣ እሱ ከፊት፣ እኔ ሦስት እርምጃ ከኋላ ሆንን። የወርቅ ቤቶቹ መስታወት ያብረቀርቃል፤ ከኬክ ቤቱ በር ላይ ሰዎች ቆመው ይሳሳቃሉ። በሌላ ጊዜ ቢሆን የሺ እጄን ወደዚያ ትጎትተው ነበር። ያን ቀን ማንም አልጎተተኝም፤ ዝም ብዬ የጥቁር ቀሚሴን ጫፍ እያየሁ ተራመድኩ።

ሱቁ የሙሴ ሃጎፕ ነው። ሙሴ ሃጎፕ እዚሁ ያረጁ አርመናዊ ናቸው፤ አማርኛቸው ጥሩ ነው፣ ብቻ ሴቱንም ወንዱንም አንቺ ይላሉ። "ግቢ አቶ ተሰማ" ብለው ባሌን ሲቀበሉት ጋሽ ወልዴ ሳቃቸውን በጢማቸው ሸሸጉት። ጋሽ ወልዴ በኮታቸው ደረት ላይ ሁለት መርፌ ሰክተው፣ የራሳቸውን ክር ይዘው ቀድመውን ደርሰዋል።

"መኪና የሚገዛው በጆሮ ነው" አሉኝ ወደ እኔ ዞረው። "ዓይን ይታለላል። ቀለሙ ያምራል፣ አበባ ተስሎበታል፣ ይህ ሁሉ ለሙሽራ ነው። ዝም ብለሽ ድምፁን አድምጪ የኔ ልጅ።"

ሁለት የእጅ መኪና ባንኮኒው ላይ ተደርድሯል። አንድ የእግር መኪና ደግሞ ከመስኮቱ ሥር ቆሟል። ጋሽ ወልዴ የመጀመሪያውን የእጅ መኪና መዘውር አዙረው ጆሯቸውን አስጠጉና ይሄ ያስነጥሰዋል ብለው ገፉት። ሙሴ ሃጎፕ ተቆጡ። ሁለተኛውን አዞሩት፣ ክር አስገቡለት፣ የነጠላዬን ቁራጭ ሰፉበት፣ ስፌቱን በጥፍራቸው ቦጨቅ ቦጨቅ አድርገው አዩት። አልተፈታም። ከዚያ እኔን አስቀምጠው አዙሪ አሉኝ። አዞርኩ።

"ወደድሽው?"

"እሺ" አልኩ።

"እሺ መልስ አይደለም። ወደድሽው ወይስ አልወደድሽውም ነው ጥያቄው።"

"የእጁ ይበቃናል ጋሽ ወልዴ" አለ ተሰማ ከኋላዬ። "ሰኞ መንገደኛ ናት።"

ሽማግሌው እሱንም እኔንም ተራ በተራ አዩን። መንገዱ ወዴት እንደሆነ ጠየቁ፤ ደብረ ብርሃን ለጥቂት ጊዜ አላቸው። እሳቸውም የሰፈር ሰው ናቸውና ምን ማለት እንደሆነ ያውቁታል። ቀልዳቸውን ተዉ። በመጨረሻ፣ ቢሆንም ሥራዬን በግማሽ አልተውም፣ ወፍራሙን ሳላሳየው መኪና አላስገዛም ብለው እጃቸውን ዘረጉልኝ። ጥቅሉን ሰጠኋቸው።

አቡጀዲውን ባንኮኒው ላይ አራገፉት። ጨርቁ ተዘረጋ፣ ተዘረጋ፣ ከባንኮኒው አልፎ መሬት ነካ። እንዲህ ብዙ ይሆናል ብዬ አላሰብኩም ነበር። ጋሽ ወልዴም ገርሟቸው፣ "በዚህማ የሰፈሩን ልጅ ሁሉ ማልበስ ይቻላል" ብለው ጀመሩ። ስፌት ለማስያዝ ጠርዙን በጣታቸው ተከትለው ሄዱና አንዱ ጫፍ ላይ ሲደርሱ እጃቸው ቆመ። እዚያ ጋ ጨርቁ ተቀዷል፤ ከዳሩም ቀጫጭን ማሰሪያ በእጅ እየተሸረከተ ወጥቶለታል። በመቀስ የተነካ ቦታ የለውም።

መዘውሩን ለቀቁት። ጨርቁን ከመሬት ሰበሰቡና ቀስ ብለው ማጠፍ ጀመሩ።

"አቶ ተሰማ" አሉ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው፣ "ይህ የመግነዝ ትራፊ ነው። መግነዝ በመቀስ አይቆረጥም፤ በዚህ እጄ ለስንቱ ቀድጃለሁ፣ አይጠፋኝም። መኪና መሞከሪያ አይሆንም።"

ወደ ተሰማ ዞርኩ። ባርኔጣውን አወለቀና ባንኮኒው ላይ አስቀመጠው። ወዲያው አነሣው። እንደገና አስቀመጠው። ፊቱ አመድ መስሎ ነበር። ሙሴ ሃጎፕ አንድ ነገር እንደደረሰ ገብቷቸው ሄደው የሱቁን በር ገርበብ አደረጉት።

እኔ ጨርቁን በዓይኔ ለካሁት። ልብስ የምሰፋ ሰው ነኝ፤ የሺ ስንት ክንድ እንደምትሆን ከእኔ በላይ የሚያውቅ የለም። ለእሷ የሚበቃው ተወስዶለት እንኳ የቀረው ለአንድ ጎልማሳ ጥቂት ነበር የሚጎድለው። በስድስት ወር ውስጥ ከአፌ የወጣው የመጀመሪያ ጥያቄ ይህ ነው።

"የሺ ትንሽ ነበረች" አልኩት። "ይህ ሁሉ ለምን ተረፈ?"

የሚመልስልኝ አልመሰለኝም ነበር። ቀና ሳይል፣ እጁን ባንኮኒው ላይ እንዳስደገፈ ተናገረ።

"ጎረቤቶች እኛ እንሂድልህ አሉኝ፣ እኔው እገዛለሁ ብዬ ሄድኩ። ባለሱቁ ለትልቅ ሰው ነው ወይስ ለልጅ ብሎ ጠየቀኝ።" እዚህ ላይ ቆመ። "ለልጅ ማለት አቃተኝ ታደለች። ለትልቅ ሰው ነው አልኩት። ለክቶ ቀደደልኝ።"

ሙሴ ሃጎፕ ከጓዳ በርጩማ አምጥተው ከተሰማ ኋላ አስቀመጡለት፤ ተቀመጠ። ከዚያ የቀረውን በትንሽ በትንሹ ነገረኝ። የተረፈውን መጣል አልቻለም፤ ለሰው መስጠትም አልቻለም፤ ከሣጥኑ ሥር ቀበረው። አልጋዋን ቤት ውስጥ እያዩ ማደር ስላቃተው ነቀለው። ቢሮ የሚገባው ሌላ የሚገባበት ስለሌለው ነው። አንዳንድ ቀን አንዱን ደብዳቤ ሦስት ጊዜ ይገለብጠዋል፤ አለቃው አይተው ዝም ይሉታል። ቲኬቱን የቆረጠውም ፊቱን ማየት ያስጠላኝ መስሎት ነው። "አንቺ አታለቅሺም፣ አታናግሪኝም፤ እዚያ ከናትሽ ዘንድ ታለቅሻለሽ ብዬ ነው" አለ።

እዚህ ላይ አንባቢ እኔም አብሬው እንዳለቀስኩ የሚጠብቅ ከሆነ አዝናለሁ። አላለቀስኩም። ግን የባንኮኒው እንጨት መዳፌ ሥር ቀዝቃዛ መሆኑ ታወቀኝ። ይህ ትንሽ ነገር ይመስላል። የፈላ ውኃ ላልተሰማት ሴት ግን ትንሽ አይደለም። ተሰማን አየሁት፤ ካፖርቱ ሰፍቶታል። ሰውየው ከስቷል፤ እኔ ግን በየቀኑ ጀርባውን ሳይ ኖሬ አላየሁትም። አዘንኩለት። ከብዙ ጊዜ በኋላ ለሰው ማዘን መጀመሬ ነው።

ጋሽ ወልዴ ጨርቁን አጥፈው ጨርሰው ለተሰማ አስረከቡትና፣ ሌላ ቀን ብትመጡ ይሻላል፣ እኔም እመጣለሁ አሉ። አይሆንም አልኳቸው፤ ዛሬ መምረጥ እፈልጋለሁ። ተነሥቼ መስኮቱ ሥር ወዳለው የእግር መኪና ሄድኩና ተቀመጥኩ። ጋሽ ወልዴ ወፍራም ጨርቅ ስላልነበረን ከኪሳቸው የራሳቸውን መሐረብ አውጥተው አራት ቦታ አጥፈው ሰጡኝ።

የእግር መኪና ረግጦ የማያውቅ ሰው መጀመሪያ ይሳሳታል። ረገጥኩት፣ መዘውሩ ወደ ኋላ ዞረ፣ ክሩ ተጠምጥሞ ተበጠሰ። ጋሽ ወልዴ በአጠገቤ ጎንበስ ብለው አዲስ ክር አስገቡልኝና መዘውሩን አንዴ በእጅሽ አስጀምሪው፣ ከዚያ እግርሽ ይከተላል አሉኝ። እንዳሉኝ አደረግሁ። ሄደ። ሁለት እጄን መሐረቡ ላይ አድርጌ እስከ ጫፍ ሰፋሁ፣ አዙሬ መለስኩት። ስፌቱ ጠማማ ነበር። ጋሽ ወልዴ ጆሯቸውን ወደ መኪናው ዘንበል አድርገው ይሄ ጤነኛ ነው አሉ።

"ይሄን ነው የምፈልገው" አልኩ።

ተሰማ ከበርጩማው ቀና አለ። "ይሄ እኮ አውቶቡስ ላይ አይጫንም።"

"አውቃለሁ" አልኩት። "አይጫንም።"

"ሰኞስ?" አለኝ።

"ሰኞ ቤቴ ነኝ።"

ከአትክልት ተራ ሁለት ኩሊዎች ተጠርተው መኪናውን ተሸክመው ወረዱ። የጋሽ ወልዴን መሐረብ አጥቤ እመልሳለሁ ስላቸው "ስፌቱን ሳትፈቺ አምጪልኝ" ብለውኝ ነበርና ይዤው ሄድኩ። ተሰማ አቡጀዲውን በብብቱ እንደያዘ ከእኔ ጎን ይራመድ ነበር። ወደ ቤት ከመግባታችን በፊት ጊዮርጊስ ደርሰን ጨርቁን ለቤተ ክርስቲያኑ ሰጠን፤ ገናዥ ለሌለው ሰው ይሆናል አሉን። በመንገድ ላይ ብዙ አልተነጋገርንም። ኩሊዎቹ ቀድመውን ሄደው በራችን ላይ መኪናውን አስቀምጠው እኛን ይጠብቁ ነበር፤ መኪናው በበሩ አልገባ ብሎ ሣንቃውን ነቅለን ነው ያስገባነው።

ሰኞ ጠዋት ተሰማ በዚያ ባማረ ጽሕፈቱ ለአባቴ ደብዳቤ ጻፈ። ታደለች እዚሁ ትቆያለች፣ እርስዎ ግን መጥተው ይጠይቁን የሚል ነው። ሲጨርስ አነበበልኝ። ቁጭ ብሎ ብዕሩን በጣቱ ሲያገላብጥ ቆየና፣ የሺ አንድ ቀን የቢሮ ቀለሙን ፊቷን ሁሉ ተቀብታ እንደጠበቀችው አነሣልኝ። ስሟን ከአፉ ስሰማ የእንግዳ ሰው ስም ይመስል ነበር። "ጆሮዋም ውስጥ ገብቶ ነበር" አልኩት። "ሦስት ቀን ነው የቆየው።" ያን ቀን ሥራ የሄደው አርፍዶ ነው።

ሐዘን በአንድ ቅዳሜ አይወጣም። ከዚያም በኋላ ብዙ ወር ደንዝዤ ነው የኖርኩት። ያለቀስኩትም በክረምቱ ነው፤ የሰው ቀሚስ እየሰፋሁ ሳለ ክር ተበጠሰብኝና በዚያ አመካኝቼ ጀመርኩ፣ እስኪመሽ አላቆምኩም። ተሰማ መጥቶ ከጎኔ ተቀመጠ። አይዞሽም ዝም በይም አላለኝም። ከዚያ ወዲያ አራት ልጆች ወለድን፤ በስፌት ገቢ ቤት ሠራን፤ እሱ ካረፈ ዓመታት አልፈዋል።

ይህን የምጽፈው እናንተን ለመገሠጽ አይደለም፤ እኔ ራሴ የሚገሠጽ ሰው ነበርኩ። ስድስት ወር ሙሉ አንድ ጣራ ሥር እየኖርኩ የባሌን ልብ በባርኔጣውና በማበጠሪያው ፈረድኩበት። እሱ በበኩሉ የእኔን በደረቀ ዓይኔ ፈረደብኝ። ሁለታችንም ክፉ አልነበርንም። አንዳችን ሌላውን ልናሳርፍ ብለን ለዘላለም ልንለያይ የቀረን የአንድ ቀን ዕድሜ ነበር። ያን አቡጀዲ ከሣጥኑ ባላወጣው፣ ወይም ጋሽ ወልዴ ሥራቸውን በግማሽ የሚተው ሰው ቢሆኑ ኖሮ፣ ተሰማን እስከ ዛሬ አንጀት የሌለው ሰው ብዬ እየተረኩት ደብረ ብርሃን አረጅ ነበር።

እናንተም ቤት ፀጉሩን አበጥሮ በጊዜው ሥራ የሚገባ ሐዘንተኛ ካለ፣ ምንም አልሆነም ብላችሁ አትለፉት። ጠይቁት። መልሱን ቆማችሁ መስማት ሊያቅታችሁ ይችላልና ተቀምጣችሁ ስሙት።